በብሎኮቻችን መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ለመጪዎቹ ሠላሳ ዓመታት ማን ይይዘዋል?

መነሻ ጽሑፍ፦ ይህን ክር የከፈትኩት በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ስላለው ክፍት ቦታ አንድ ጥያቄ ለማንሣት ነበር። መልሶቹ እየበዙ ሲሄዱ፣ ዘግይተው የገቡ ተሳታፊዎች ሁሉን ከመጀመሪያው ማንበብ እንደከበዳቸው ስለገለጹ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አገላለጽ አሰባስቤዋለሁ። የማልስማማበት ነጥብ ላይ ስደርስም አስተያየቴን አልደበቅሁም።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ በሙከራነት ተጀምሮ ወደ ጎተራ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የተስፋፋው የቤቶች ልማት በብሎኮች መካከል ሰፊ ክፍት ቦታ ትቶልናል። ይህ ቦታ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ይታያል፤ ልጆች እንዲጫወቱበት፣ አረጋውያን እንዲቀመጡበት፣ የክረምቱም ውኃ እንዲሰርግበት የታሰበ ነው። ዕጣው ወጥቶ፣ ቁልፍ ተሰጥቶ፣ ነዋሪው ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያው ቦታ ከፊሉ መኪና ማቆሚያ፣ ከፊሉ የኮንቴነር ሱቅ፣ ከፊሉ በምድር ቤት ነዋሪ የታጠረ ጓሮ፣ የቀረው ደግሞ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ ሆኖ እናገኘዋለን። እኔ የያዝኩት አቋም፣ ይህ የሆነው በማንም ክፋት ሳይሆን ቤቱ ለነዋሪው በተላለፈበት ዕለት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ስላልሰፈሩ ነው የሚል ነው። እነርሱም የክፍት ቦታው ወሰን እስከ የት እንደሆነ፣ ያንን ወሰን የሚያስከብረውና ቦታውን የሚንከባከበው ማን እንደሆነ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብም በየዓመቱ ከየት እንደሚመጣ ናቸው። ችግኝ መትከል በአንድ ቀን ዘመቻ ይጠናቀቃል፤ የተተከለውን ለሠላሳ ዓመት ማቆየት ግን በጀት፣ ደመወዝና የሥራ ዝርዝር የሚጠይቅ መደበኛ ሥራ ነው። በየሰፈራችሁ ይህን ሥራ ማን እንደሚሠራውና በምን ገንዘብ እንደሚሠራው ንገሩኝ ብዬ ጠየቅሁ።

መልስ 1፦ ከጀሞ የጻፉ አንዲት እናት ጥያቄው በመነሣቱ አመስግነው፣ በብሎካቸው ፊት ያለው ሜዳ ያለፈበትን ታሪክ በትዕግሥት ዘርዝረዋል። እንደገቡ ነዋሪው በአንድ እሑድ ተሰብስቦ ችግኝ ተክሎ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጭቃው ስላስቸገረ ግማሹ ኮብልስቶን ተነጠፈበት። በሦስተኛው ዓመት ኮብልስቶኑ ላይ አንድ መኪና አደረ፤ ብዙም ሳይቆይ ቦታ የሚይዙት መኪኖች ቁጥር ከልጆቹ ቁጥር በለጠ። ማንም ስብሰባ ጠርቶ ሜዳው መኪና ማቆሚያ ይሁን ብሎ እንዳልወሰነ፣ ማንም ግን እንዳልተቃወመ ጽፈዋል። ከመነሻው ሐሳብ ጋር የሚስማሙት በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 2፦ ችግሩ ሁሉ የነዋሪው የአስተሳሰብ ኋላ ቀርነት እንደሆነ በሁለት መስመር የገለጸ ተሳታፊ ነው። ይህን ሐሳብ አልቀበለውም። ያው ነዋሪ በእድሩ ወርኃዊ ክፍያውን ሳያዛንፍ የሚከፍል፣ ለጎረቤቱ ለቅሶ ሌሊቱን ሲቆም የሚያድር ሰው ነው፤ የጋራ ኃላፊነት የሚያውቅ ሰው በአንዱ ጉዳይ ተግቶ በሌላው የሚዘነጋ ከሆነ፣ ልዩነቱ መፈለግ ያለበት በአደረጃጀቱ ውስጥ ይመስለኛል።

መልስ 3፦ ክሩን ወደ ትክክለኛው መሥመር ያስገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሕግ ባለሙያ የሆኑት ጸሐፊ የመነሻ ጽሑፉን በጨዋነት አርመዋል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም፣ ማኅበሩም የጋራ መጠቀሚያዎችን እንዲያስተዳድር፣ ለዚህ የሚያስፈልገውን ወጪ አባላቱ እንዲያዋጡ አስቀድሞ ደንግጓል። ስለዚህ ኃላፊው ማን እንደሆነ ፈጽሞ አልተጻፈም ማለት ልክ አይደለም። የጎደለው ሌላ ነው። ማኅበሩ ሊያስተዳድር የሚችለው ከሕንፃው ጋር የጋራ መጠቀሚያ ተብሎ የተመዘገበውን ብቻ ነው፤ በብሎኮች መካከል ያለው ሜዳ በዚያ ምዝገባ ውስጥ ካልገባ በመሬት ላይ ባለው ሕግ መሠረት የመንግሥት እንደሆነ ይቀራል፣ ማኅበሩም በዚያ ላይ አጥር ያጠረን ሰው ለመክሰስ መብቱን ማስረዳት ይቸግረዋል። ጠበቃው ለሁላችንም አንድ የቤት ሥራ ሰጥተዋል፤ የየማኅበራችሁን የምዝገባ ሰነድና የሳይት ፕላን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ፣ ወሰኑ የሕንፃው ግድግዳ ላይ ይቆም እንደሆነ ወይስ ሜዳውን ይጨምር እንደሆነ ተመልከቱ ብለዋል።

መልስ 4፦ የማኅበር ሰብሳቢ ሆነው ያገለገሉ አዛውንት ከ3ኛው መልስ ተነሥተው፣ በእርሳቸው ሳይት አንድ ግቢ የሚመስለው ቦታ በበርካታ ማኅበራት መከፈሉን አስረድተዋል። በሁለት ማኅበራት ብሎኮች መሐል የቆመ አንድ የመብራት ምሰሶ አምፖሉ ተቃጥሎ፣ የማን ወጪ ነው በሚል ክርክር ብቻ ክረምቱ በጨለማ አልፏል። የዝናብ መውረጃ ቦዩም እንዲሁ ነው፤ ላይኛው ማኅበር ሲጠርገው ደለሉ ታችኛው ዘንድ ይከማቻል። አዛውንቱ ለክፍት ቦታው ብቻ የሚሆን አንድ የጋራ ኮሚቴ ከየማኅበሩ ተወካይ ወስዶ እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርበዋል።

መልስ 5፦ እኔ ከሁሉ ይልቅ የተማርኩበት መልስ ይህ ነው። የግብርና ባለሙያ የሆነች ተሳታፊ፣ በሰፈሯ ከአንድ ዓመት በፊት ተተክለው ከደረቁ ችግኞች አንዱን ነቅላ ብታየው፣ ሥሩ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ተቀብሮ አገኘችው። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ስለተተከለ ሥሩ በከረጢቱ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ተጠምጥሟል፤ አንዲት ክር እንኳ ወደ አፈሩ አልወጣችም። ቀጥላ ጉድጓዱን ስትመረምር ያገኘችው አፈር ሳይሆን በግንባታ ጊዜ ተደፍቶ በሮለር የተጠቀጠቀ ገረገንቲ ነበር። በላዩ ላይ የተበተነው ጥቁር አፈር ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። በዚያ ላይ የቦሌና የአቃቂ ወገን መሬት መረሬ በመሆኑ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ገና ያልጠነከረውን ሥር ይበጥሰዋል፣ የተነጠፈውንም ድንጋይ ያነሣዋል።

ባለሙያዋ እንደምትለው በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ዝናቡ በመስከረም እስኪቆም ድረስ ያለው ጊዜ ከሁለት ወር ተኩል አይበልጥም፤ ከዚያ የሚጠብቀው ረጅም ደረቅ ወራት ነው። ስለዚህ የጉድጓዱ ጥልቀት ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ገረገንቲው ወጥቶ በኮምፖስት በበለጸገ አፈር እንዲተካ፣ ሥሩ አካባቢ ደረቅ ሣር እንዲጎዘጎዝ፣ ቢያንስ ለሁለት በጋ ውኃ እንዲጠጣ ትመክራለች። ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣው ችግኙ ከተተከለ በኋላ መሆኑን አበክራ ጽፋለች፤ የመነሻ ጽሑፉ በጀት ያስፈልጋል ሲል ይህን በዝርዝር ማስላት ነበረበት ብላም በቀና መንፈስ ነቅፋኛለች። ትክክል ናት።

መልስ 6፦ ከ5ኛው ጋር ተያይዞ፣ በብሎካቸው አንዲት አሮጊት ጎመንና ድንች ያጠቡበትን ውኃ በጀሪካን እያጠራቀሙ በየማታው ሁለት የወይራ ችግኞችን ያጠጡ እንደነበር፣ ከእርሳቸው ብሎክ ፊት በስተቀር የሌላው ሁሉ ተክል እንደደረቀ የሚያወጋ አጭር ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው አክሎ፣ እኚህ እናት ወደ ልጃቸው ቤት ሲዛወሩ ወይራዎቹን የተረከበ ሰው እንዳልነበረ ገልጿል።

መልስ 7፦ የክሩ ቃና የተለወጠው ከዚህ ጀምሮ ነው። መኪናውን በሜዳው ላይ የሚያቆም ሰው በግልጽ ተቆጥቶ ጽፏል። ሕንፃው ሲሠራ በቂ መኪና ማቆሚያ እንዳልታሰበለት፣ መንገድ ላይ ያሳደረ ሰው ጠዋት ሲነሣ ስፖኪዮው ተነቅሎ እንደሚያገኝ፣ ስለ ዛፍ የሚሰብኩት ሰዎች መኪና የሌላቸው መሆናቸውን ሳይደብቅ ተናግሯል። ለጥበቃ ከሁሉ በላይ የሚከፍሉት ባለመኪኖች እንደሆኑም አስታውሷል። ቃሉ ቢከብድም ያነሣው ጉዳይ እውነተኛ ነው፤ ማቆሚያውን በዕቅድ ያልመለሰ ሰፈር ሜዳውን ማስጠበቅ አይችልም።

መልስ 8 እና 9፦ ስምንተኛዋ ጸሐፊ ለሰባተኛው የመለሰችው ከእርስዎ ወደ አንተ ወርዳ ነው። ልጇ ወደ ኋላ ሲመለስ በነበረ መኪና እግሩን ተጎድቶ በጀሶ ወራት ማሳለፉን ጽፋ፣ የስፖኪዮ ዋጋና የልጅ እግር በአንድ ሚዛን እንዴት እንደሚቀመጡ ጠይቃለች። ዘጠነኛው ሁለቱንም እንዲረጋጉ ለምኖ፣ በእነርሱ ሰፈር መኪኖች በሳይቱ ዳር ዳር ብቻ እንዲቆሙ ተወስኖ፣ ወደ ውስጠኛው ሜዳ የሚያስገባው መንገድ በሁለት የብረት ምሰሶዎች መዘጋቱን፣ የአንዱ ምሰሶ ቁልፍ ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋና ለዕቃ ጫኚ ሲባል በጥበቃው እጅ እንደሚቀመጥ አስረድቷል። በዳር ያለው ማቆሚያ መብራትና ጥበቃ ስላገኘ ባለመኪኖቹም ተስማምተዋል። የሰባተኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ ተመልሶ የምሰሶው ወጪ ስንት እንደሆነ በትሕትና መጠየቁን ሳነብ ደስ ብሎኛል።

መልስ 10፦ ከምድር ቤት የሚኖር፣ ከመስኮቱ ፊት ያለውን ቦታ ያጠረ ሰው ራሱን ተከላክሏል። ከማጠሩ በፊት ቦታው ቆሻሻ የሚጣልበት፣ ማታ ማታ የሚሸናበት እንደነበር፣ ደንብ አስከባሪም ሆነ ማኅበሩ ቀርቦ እንዳላየው፣ እርሱ ግን አፈር አስመጥቶ ጎመን፣ ሰላጣና ሁለት የእንሰት ተክል አብቅሎበት ሰፈሩ ማማሩን ጽፏል። የከተማ ግብርና እየተበረታታ ባለበት ጊዜ እኔን ሕገ ወጥ ማለት እንዴት ይቻላል የሚለው የጽሑፉ መንፈስ ነው። የእኔ አስተያየት ሁለት ገጽ አለው። ቦታውን ከቆሻሻ በማዳኑ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ዛሬ የሽቦ አጥር የሆነው ነገ ብሎኬት ይሆናል፣ ቤቱ ሲሸጥም አዲሱ ገዢ ጓሮውን እንደ ንብረቱ ቆጥሮ ይገዛል። ስለዚህ ማኅበሩ ወሰኑን ለክቶ፣ ለተወሰነ ዓመት የሚያገለግል የጽሑፍ ፈቃድ ሰጥቶ፣ አጥሩ ከጉልበት ከፍታ እንዳይበልጥ፣ ፈቃዱም ከቤቱ ሽያጭ ጋር እንዳይተላለፍ ቢያደርግ የሰውዬውም ድካም የጋራውም መብት ይጠበቃል።

መልስ 11፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖሩ ወገናችን እዚያው ያለችውን የኮሎምቢያን ከተማ ምሳሌ አምጥተዋል። ጄምስ ራውስ የተባለው አልሚ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲመሠርታት፣ ሐይቆቹን፣ የእግር መንገዶቹንና ደኑን የሚይዝ የኮሎምቢያ ማኅበር የተባለ ድርጅት ገና ከመነሻው አቋቁሞ፣ በየቤቱ ሰነድ ላይ ዓመታዊ ክፍያ አስሮበታል። ክፍያው ከንብረቱ ጋር ስለሚሄድ ቤቱ በተሸጠ ቁጥር አዲሱ ባለቤት ይወርሰዋል፤ ማኅበሩም ዛሬ ወደ 3,600 ኤከር የሚጠጋ ክፍት ቦታ ያስተዳድራል። ሌላው የጠቀሱት የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሕግ ነው፤ የጋራ ንብረት ያላቸው የመኖሪያ ማኅበራት ጣሪያው፣ አስፋልቱ፣ የመጫወቻ ዕቃው መቼ እንደሚያልቅና ለመተኪያው ስንት ሊቀመጥ እንደሚገባ በባለሙያ አስጠንተው፣ ጥናቱንም ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እንዲያድሱ ያስገድዳል። በየወሩ ለጽዳትና ለጥበቃ ከሚወጣው ሌላ፣ ለሩቁ ጊዜ የሚቀመጥ ተቀማጭ ከሌለ ማኅበሩ አንድ ቀን ትልቅ ጥገና ሲገጥመው ይወድቃል ባይ ናቸው።

መልስ 12፦ ከእንግሊዝ የጻፈው ሰው ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። የመጀመሪያው ሚልተን ኪንስ ነው። የከተማዋ ፓርኮች በ1992 እ.ኤ.አ. ፓርክስ ትረስት ለሚባል ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ999 ዓመት ሊዝ ተሰጡ፤ ከፓርኮቹ ጋርም ኪራይ የሚያስገቡ የንግድ ሕንፃዎች አብረው ስለተሰጡት፣ ሣሩ የሚታጨደውና ዛፉ የሚገረዘው በኪራዩ ገቢ ነው። ሁለተኛው በአዳዲሶቹ የእንግሊዝ ሰፈሮች የተለመደው አሠራር ሲሆን፣ አልሚው ሜዳውንና መንገዱን ለአካባቢው ምክር ቤት ሳያስረክብ ለግል አስተዳዳሪ ኩባንያ ይሰጠዋል። የአገሪቱ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 እና 2022 አሥራ አንዱ ትላልቅ ገንቢዎች ከሸጧቸው አዳዲስ ቤቶች 80 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ያለ ክፍያ የተጣለባቸው እንደሆኑ፣ አማካዩም በዓመት 350 ፓውንድ እንደነበር ገልጿል። ጸሐፊው በራሱ ሰፈር ኩባንያው በቅጡ ላልታጨደ ሣር እንደሚያስከፍለው፣ ነዋሪው ግን ኩባንያውን የሚቀይርበት መንገድ እንደሌለው አማርሯል።

እኔን ያነቃኝ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው። በእኛ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ምድር ቤት ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች በጨረታ ይሸጣሉ። ከየሳይቱ ጥቂቶቹ ሳይሸጡ ለክፍት ቦታው አስተዳደር ቢመደቡ፣ ኪራያቸው የአትክልተኛውንና የውኃውን ወጪ ለዘለቄታው ሊሸፍን ይችል ነበር። በሚቀጥሉት ሳይቶች ዛሬም ሊደረግ የሚችል ነገር ነው።

መልስ 13፦ ከእስራኤል አንዲት ተሳታፊ የላከችው አጭር ማብራሪያ ነው። እዚያ ቫዓድ ባይት የሚባለው የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ደረጃውንና የራሱን ግቢ ብቻ ሲንከባከብ፣ ከግቢው ውጭ ያለው የሕዝብ ክፍት ቦታ የከተማው አስተዳደር ነው፤ ወጪውም አርኖና ከሚባለው የከተማው የንብረት ግብር ይሸፈናል። ሁለቱ ስለማይደባለቁ የመልስ 4 ዓይነት የአምፖል ክርክር እንደማይነሣ ጠቁማለች።

መልስ 14፦ ከሁሉ የሚከብደው ቃል ያለበት ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው ከ11 እስከ 13 ያሉት ሰዎች የሚናገሩት ስለ ሌላ ዓለም እንደሆነ ገልጾ፣ ሒሳቡን በፊታችን ሠርቷል። 300 አባወራ በወር 50 ብር ቢያዋጣ የሚሰበሰበው 15,000 ብር ነው፤ ይህ የሁለት ጥበቃ ደመወዝ ከፍሎ የሚተርፈው ብዙ አይደለም። ያውም ሁሉም ከከፈለ ነው። በእርሱ ብሎክ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ሲሆን፣ ተከራይ ለሜዳ አልከፍልም ይላል፣ አከራዩ ደግሞ ስልክ አያነሣም። ከዚያም በቀጥታ ወደ ውጭ አገር ነዋሪዎቹ ዞሮ፣ እዚህ ቤት ኖሯቸው መዋጮ ሳይከፍሉ ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች ስለ 999 ዓመት ሊያስተምሩን አይገባም ብሏል። መሬቱ የመንግሥት በሆነበት አገር ማኅበር የቱንም ያህል ቢደክም አንድ ቀን ለሌላ ልማት ተፈለገ ሊባል እንደሚችልም አክሏል።

መልስ 15፦ የ11ኛው ጸሐፊ ተመልሰው በእርጋታ መልስ ሰጥተዋል። ወቀሳው በእርሳቸው ላይ እንደማይሠራ፣ ወንድማቸው በየሦስት ወሩ እንደሚከፍልላቸው ገልጸው፣ ነገር ግን ብዙዎች የማይከፍሉት የሚከፍሉበትን ስለማያውቁ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። ማኅበሩ በስሙ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ ቁጥሩን ለሁሉም ባለቤት ቢልክ፣ በዓመቱ መጨረሻም ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ ቢያሳውቅ፣ ከውጭም ከውስጥም የሚከፍለው ሰው ይበዛል ብለው ያምናሉ። በሰው እጅ በደረሰኝ የሚሰበሰብ መዋጮ ሰብሳቢው ሲቀየር እንደሚቆም ያነሡት ነጥብ ከልምዴ ጋር ይገጥማል።

መልስ 16፦ በ14ኛው ተስፋ መቁረጥ ያልተስማማች ጸሐፊ፣ የማኅበሯን ልምድ አቅርባለች። የኮሚናሉን፣ ማለትም ነዋሪው በጋራ የሚገለገልበትን ሕንፃ፣ ፎቅ ለሕፃናት መዋያ አከራይተው፣ ምድሩን ለእንጀራ መጋገሪያና ለበዓል እርድ አስቀርተዋል። የኪራዩ ገቢ የአንድ አትክልተኛ ሙሉ ደመወዝና የውኃ ቢል ይከፍላል። በመጀመሪያ ኮሚናሉ ሙሉ በሙሉ ሊከራይ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ እናቶች ጭሱን ይዘን በረንዳ ላይ ልንጋግር ነው ወይ ብለው በጠቅላላ ጉባኤ ስለተከራከሩ ውሳኔው ተሻሽሏል። ገቢ ማግኘት ጥሩ ነው፤ ከጋራ መጠቀሚያው ላይ ጋራነቱን ሸርፎ ከሆነ ግን ጉዳቱ ያመዝናል ስትል ያስቀመጠችው መለኪያ ሊያዝ የሚገባው ነው።

መልስ 17፦ ውይይቱ እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ አለ። አንድ ካህን በደቡብ ጎንደር በእርሻ መሬት ተከበው የቆሙትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አንሥተው፣ ዙሪያቸው ሲራቆት እነርሱ የቀሩት ባለቤታቸው ስለማይለወጥና ቅጽሩ የማይደፈር ስለሆነ ነው ብለዋል። ከብት እየገባ አዲስ ቡቃያ በሚበላባቸው ደብሮች የድንጋይ ካብ ሲሠራ ከሥር የሚወጣው ተክል ማገገሙንም ጨምረዋል። ነገሩ ከጉዳያችን የራቀ ቢመስልም፣ ለረጅም ዘመን የሚጠበቅ ቦታ የሚታወቅ ወሰንና ከግለሰቦች ዕድሜ የሚያልፍ ተቋም ይፈልጋል የሚለው ፍሬ ነገር ያው የእኛ ነው።

መልስ 18፦ ስለ ዛፍ ዓይነት ረጅም ክርክር የተነሣበት ነው፤ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ዘንባባ ውድ ሆኖ ጥላው ትንሽ መሆኑ፣ ፊከስ ከፍሳሽ መስመር አጠገብ ሲተከል ሥሩ ቱቦውን እንደሚሰነጥቅ፣ ግራቪሊያ ፈጥኖ እንደሚያድግ፣ ወይራና ጽድ ዘግይተው ቢያድጉም እንደሚዘልቁ ተነግሯል። የ5ኛዋ ባለሙያ ተመልሳ፣ ከማንኛውም ተከላ በፊት የውኃና የፍሳሽ መስመሮቹ የሚያልፉበት ካርታ ይታይ ብላ ክርክሩን ዘግታዋለች።

መልስ 19፦ በከተማ ፕላን ሥራ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ጡረተኛ፣ ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. የሚያገለግለው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማዋ መሬት 30 በመቶውን ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ የሚመድብ መሆኑን አስታውሰዋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በርና ገቢ አለው፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የተሠሩት የመንገድ ዳር ሣሮችም ውኃ የሚያጠጣና የሚከረክም ሠራተኛ ተመድቦላቸዋል። በር የሌለው፣ ገቢ የማያስገባው፣ ከዋና መንገድም የማይታየው የሰፈር ውስጥ ሜዳ ግን ከ30 በመቶው ውስጥ እየተቆጠረ ተንከባካቢ አልተመደበለትም። ወረዳው ለዚህ ቦታ በዓመታዊ በጀቱ አንድ መስመር ሊይዝለት ይገባል ይላሉ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የምንማረርበት ጎርፍ የሚሰርግበት አፈር እያጣ የሚመጣ በመሆኑ ጥቅሙ ከሰፈሩ አልፎ ለቀበናና ለአቃቂ ወንዞች ዳር ነዋሪዎችም ይተርፋል። ከዚሁ ጋር፣ ሜዳው ሁሉ በአበባ እንዳይሞላ፣ ለድንኳን የሚሆን የተደላደለ ባዶ ቦታ የግድ እንዲቀር አሳስበዋል። ሰርግና ለቅሶ ቦታ ካጡ ድንኳኑ አበባው ላይ እንደሚተከል ሁላችንም እናውቃለን።

መልስ 20፦ የ3ኛው መልስ ጠበቃ ተመልሰው ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል አስቀምጠዋል። ማኅበራቱ በየጠቅላላ ጉባኤያቸው የጋራ ኮሚቴ እንዲቋቋም ወስነው በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ፤ ኮሚቴው የሳይት ፕላኑን ከክፍለ ከተማው አውጥቶ ወሰኑን ከባለሙያ ጋር በመሬት ላይ ይለካ፤ በምዝገባ ያልተካተተው ሜዳ እንዲካተት፣ ካልተቻለም ለዘለቄታው በእንክብካቤ ውል እንዲሰጠው ለወረዳው በጽሑፍ ይጠይቅ ብለዋል። ለ14ኛው ጸሐፊ ሥጋትም ምላሽ አላቸው። መሬቱ የመንግሥት መሆኑ አይለወጥም፤ ነገር ግን ወሰኑ ተለክቶ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ ወጪው በመዝገብ የተያዘለት ሜዳ ሰነድ ከሌለው ሜዳ ይልቅ በቀላሉ አይነካም።

መልስ 21፦ ቁልፍ በቅርቡ በተሰጠበት ሳይት ያለች ወጣት፣ ገና ነዋሪው ሳይበዛና አጥር ሳይበቅል ይህን ለመጀመር የሚረዳ ረቂቅ ደንብ እንዲላክላት ጠይቃለች። ረቂቁን ጠበቃውና የግብርና ባለሙያዋ እያረሙት ነው። የወሰን፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የተቀማጭ ሒሳብና የሁለት በጋ የውኃ ማጠጣት አንቀጾች ተጽፈዋል። ቀድሞ የታጠሩ የምድር ቤት ጓሮዎችን በተመለከተ ያለው አንቀጽ ላይ የ10ኛው ጸሐፊና የ8ኛዋ እናት ገና ስላልተስማሙ ቦታው ባዶ ነው። በሰፈራችሁ ይህን ጉዳይ በስምምነት የፈታችሁ ካላችሁ፣ የፈቃዱን ዘመን ስንት ዓመት እንዳደረጋችሁትና ቤቱ ሲሸጥ ምን እንደሆነ ከዚህ በታች ጻፉልን።